ሾላ በድፍን
የቃል ልምምድ ከቅኔ ቤት እስከ ተናጋሪው መኪና

ከመገናኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሾላ ገበያ የዛፍ ስም የያዘ ገበያ ነው። የሾላ ፍሬ ተሰንጥቆ ካልታየ በቀር ደኅና ይሁን ወይም ትል የበላው ከውጭ አይታወቅም። አማርኛም ሳይመረመርና ሳይገለጥ የታለፈውን ነገር ሁሉ «ሾላ በድፍን» ይለዋል። የዚህ ጽሑፍ መነሻም ይኸው አነጋገር ነው።

አንዲት ተማሪዬ በኤሌክትሮኒክ ማንበቢያዋ ልብ ወለድ ስታነብ ያላወቀቻቸውን ቃላት እየለቀመች በዝርዝር ታኖራለች። ዝርዝሩንም ለአንድ ቻትቦት፣ ማለት በጽሑፍ ለሚያነጋግር ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ አቅርባ ትለማመድበታለች። ከለቃቀመቻቸው አንዱ «ሾላ በድፍን» ነበረ። መኪናው ያለ አንዳች ማመንታት «የተትረፈረፈ ምርት ማለት ነው» ብሎ መለሰላት፤ ሦስት ምሳሌ ዓረፍተ ነገርም ሠራላት። ልጅቱም በቃሏ ይዛው መጣች። እኔም ዘዴውን ከማውገዜ በፊት ታሪኩን መመርመር እንደሚገባ አሰብሁ።

ከንባብ የተገኘን ቃል በጥያቄና መልስ ማጽናት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግስ እያጠና የግዕዝን ቃል ከአማርኛ ፍቺው ጋር በኅሊናው ያከማቻል። ይሁን እንጂ ክምችቱ ብቻውን ዕውቀት ተብሎ አይቆጠርለትም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ቅኔ ይቈጥርበታል፤ የቈጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። እንግዲህ ሥርዓቱ ሦስት ደረጃ አለው፤ መሰብሰብ፣ መሥራት፣ መታረም። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ትምህርቱ ጐዶሎ ይሆናል።

ይህንኑ ሥርዓት በሩቅ አገርም እናገኘዋለን። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዝን በመጽሐፍ ብቻ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1649 ወደ ሮም በሄደ ጊዜ፣ የአማራ ተወላጅ የሆኑትን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። ከዚያ በፊት ቋንቋውን በዓይኑ እንጂ በጆሮው አያውቀውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ተጋብዘው ሄዱ፤ በዚያም ሉዶልፍ ከመጻሕፍት የለቀመውን ይጠይቃቸው፣ እርሳቸውም ይመልሱለት ነበር። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በመርከብ አደጋ ሞቱ። ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው ከ40 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1698 ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1681 ባወጣው የኢትዮጵያ ታሪክ የዕውቀቱ ምንጭ ማን እንደ ነበረ ስማቸውን ጠርቶ መስክሯል። አንባቢም ቃሉ ከማን አፍ እንደ ወጣ ስለሚያውቅ ምስክርነቱን ሊመዝነው ይችላል።

በአገራችን ሊቃውንትም ዘንድ የቃል አደራ በስም ሲተላለፍ ኖሯል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው ደከሙበት። እርሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራው በደቀ መዝሙራቸው በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ እጅ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት በቃ። አለቃ ደስታ ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላትን አበረከቱ። አንድ መጽሐፍ ከሦስት ሰዎች ዕድሜ ላይ ተቈርሶ የወጣ ማለት ነው።

የመኪናው ታሪክ ግን አጭር ነው። ኪንድል የተባለው ማንበቢያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ አንባቢው ፍቺ የፈለገለትን ቃል ከነዓረፍተ ነገሩ የሚያስቀምጥ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2013 ታከለበት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ወደ ተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2022 ማለቂያ ላይ ነው። እነዚህ መኪናዎች ከተማሩበት የጽሑፍ ክምችት ተነሥተው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ይጽፋሉ። የአማርኛው ክምችት ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ግምታቸው በእኛ ቋንቋ ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ሲስትም ልሳኑ አይኰላተፍም። ስሕተቱን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይህ ነው።

ጥቅሙንም መካድ አይገባም። መኪናው አይሰለችም፤ ተማሪው አሥር ጊዜ ቢሳሳት አይቈጣም፤ በእኩለ ሌሊት ቢጠሩት ይመልሳል። በሰው ፊት መሳሳት የሚያፍር ወጣት ያለ ኀፍረት ይሠራበታል። ስለዚህ ከሦስቱ ደረጃዎች ሁለተኛውን፣ ማለት መሥራቱን፣ በሚገባ ያግዛል። ሦስተኛውን፣ ማለት ማረሙን፣ ብቻውን ልንሰጠው ግን አንችልም።

ለዚህም ከፊደላችን ጠባይ የሚመጣ ምክንያት አለ። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው አይለይም። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ሲሆን፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «አለ»ም እንዲሁ ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ይሆናል። ከገጽ ላይ የተለቀመ ቃል፣ በገጽ ላይ ብቻ ቢታረም ድምፁን ሳያገኝ ይቀራል። ሉዶልፍን ወደ አባ ጎርጎርዮስ የመራው ችግር ዛሬም አልተለወጠም።

ይህንን ለተማሪዬ በነገርኋት ጊዜ «ታዲያ ማንን ልጠይቅ?» አለችኝ። አንድ ቅዳሜ ዝርዝሯን አስይዤ ወደ ሾላ ገበያ ወሰድኋት። «መደብ» የሚለውን ቃል የቤት ውስጥ መቀመጫ፣ የኅብረተሰብ ክፍልና የሰዋስው ስያሜ እንደ ሆነ ታውቅ ነበር። አንዲት ሎሚ ሻጭ ዘንድ ደርሳ «እናቴ፣ ይህ ስንት ነው?» ብትል፣ ሴትዮዋ ክምሩን እያመለከቱ «አንዱን መደብ ነው ልጄ ወይስ ሁሉንም?» አሏት። በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ክምርም መደብ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳች። «ሾላ በድፍን»ንም ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋ ሥቀው፣ «ሳታዪ አትግዢ ማለት ነዋ!» አሏት። ቃል በቃል የመዝገብ ፍቺ ባይሆንም ከመኪናው ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነበር።

እንግዲህ ለማኅበራችን አባላት፣ በተለይም ለምናስተምር፣ የምመክረው ይህን ነው። ተማሪው ቃሉን ሲለቅም የተገኘበትን ዓረፍተ ነገር አብሮ ይያዝ። ፍቺውን አስቀድሞ ራሱ ይገምት፤ ቀጥሎም በአለቃ ደስታ ወይም በተሰማ ሀብተ ሚካኤል መዝገበ ቃላት ያረጋግጥ። ከዚህ በኋላ ወደ መኪናው ይሂድ፤ ነገር ግን «ፍቺውን ንገረኝ» ከማለት ይልቅ «በዚህ ቃል ጠይቀኝ፤ አነጋግረኝ» ይበለው። በመጨረሻም ቃሉን በሕይወት ላለ ተናጋሪ በድምፁ ያሰማ፤ ያረመውንም ሰው በዝርዝሩ ጐን ይመዝግብ።

ሴትዮዋ ሎሚውን ከቋጠሩ በኋላ ሁለት ጨምረው «ይኸውልሽ ምርቃት» አሏት። ልጅቱ ቃሉን ለቡራኬና ለትምህርት ፍጻሜ እንጂ ለዚህ አታውቀውም ነበር። ማንበቢያዋን ከቦርሳዋ ሳታወጣ፣ በእስክሪብቶ በእጇ መዳፍ ላይ ጻፈችው።