ከአጣጥ ወገን የተገኘው መርዝ

በኢትዮጵያ አጣጥ እየተባለ የሚጠራው እሾሃማ ቁጥቋጦ በሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ሜይቴነስ ከሚባለው ወገን ሲመደብ የኖረ ሲሆን፣ ከዚሁ ወገን አንዱና ከኢትዮጵያ ምድር የተሰበሰበው ዝርያ በካንሰር መድኃኒት ታሪክ የያዘውን ስፍራ በአገሩ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከዚህ ተክል ያወጡትን ሜይታንሲን የተባለ ውህድ ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቁት እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1972 ነው፤ ቀጥሎ የሚጠቀሱትም ዘመናት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ሜይታንሲን ከአልካሎይዶች ጋር ይቆጠራል። አልካሎይድ ማለት በአብዛኛው ዕፅዋት የሚሠሩት፣ ናይትሮጅን ያለበትና በጥቂት መጠን እንኳ በእንስሳት አካል ላይ ብርቱ ለውጥ የሚያመጣ ውህድ ሲሆን፣ በቡና ያለው ካፌይንና በጫት ያለው ካቲኖን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ ምሳሌዎች ናቸው። የካንሰር ተመራማሪዎች ዓይን ወደ አልካሎይድ የዞረው ግን በማዳጋስካር አበባ ምክንያት ነው፤ በካናዳ ሮበርት ኖብልና ቻርልስ ቢር ይህ ተክል ለስኳር በሽታ ይበጅ እንደሆነ ሲመረምሩ ስኳሩን ሳይሆን ነጭ የደም ሴሎችን ሲቀንስ በማየታቸው፣ በ1958 ቪንብላስቲን የተባለውን አልካሎይድ ይፋ አደረጉ።

ቪንብላስቲንም ሆነ ሜይታንሲን የሚያጠቁት ቱቡሊን የተባለውን ፕሮቲን ነው። ሴል ለሁለት ሊከፈል ሲል ቱቡሊን እየተቀጣጠለ ረቂቅ ቱቦዎችን ይሠራል፣ ቱቦዎቹም የዘር ቅንጣቶችን ወደ ሁለቱ ጫፎች ይስባሉ፤ አልካሎይዱ ይህን መቀጣጠል ሲያግድ ሴሉ ክፍፍሉን መጨረስ ተስኖት ይሞታል። ከጥንት ጀምሮ ለሪህ የሚሰጠው ኮልቺሲንም የሚይዘው ይህንኑ ፕሮቲን መሆኑ ሊያስደንቅ ይገባል፤ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ተቆጣው መገጣጠሚያ ለመጓዝ እነዚያኑ ቱቦዎች ስለሚፈልጉ፣ በአንዱ በሽታ ዕጢን የሚገታው ስልት በሌላው ብግነትን ያበርዳል።

የሜይታንሲን ችግር ሁለት ነበር። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል የሚገኘው 0.2 ሚሊግራም ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በጣት ጫፍ የምትነሣ አንድ ግራም ለማግኘት 5 ሺህ ኪሎ ቁጥቋጦ መቁረጥ ያስፈልግ ነበር፤ ስለዚህ ተክሉን የሚሰበስቡት የተሻለ መጠን ያለው ዘመድ ዝርያ ፍለጋ ወደ ኬንያ ሺምባ ኮረብታዎች አቀኑ። ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ በ1970ዎቹ በሕሙማን ላይ ሲሞከር የታየው ጉዳት ነው፤ በቤተ ሙከራ ከማዳጋስካሩ አበባ አልካሎይዶች በብዙ እጥፍ የበረታው ውህድ በሰው ላይ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ብርቱ ድካምና የነርቭ ጉዳት እያስከተለ ዕጢውን እምብዛም ስላልቀነሰ፣ ሙከራው ተቋረጠ። ኩፕቻንም በ1976 ስላረፈ የኋላውን አላየም።

መርዙን ያዳነው ራሱን መለወጡ ሳይሆን ተሸካሚ ማግኘቱ ነው። ኢሚዩኖጄን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተመራማሪዎች በ1992 እንዳሳዩት፣ ሜይታንሲንን መሰል ውህድ የካንሰር ሴልን ለይቶ ከሚይዝ አንቲቦዲ ጋር በኬሚካል ማሰሪያ ቢቆራኝ፣ መርዙ የሚፈታው በአብዛኛው ሴሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። በዚህ መንገድ የተሠራውና ካድሳይላ የተባለው መድኃኒት፣ በአማካይ በአንድ አንቲቦዲ ላይ ሦስት ተኩል ያህል የመርዝ ቅንጣቶችን አሳፍሮ፣ ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን ለበዛበት የጡት ካንሰር በ2013 በአሜሪካ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት 991 ሕሙማን በተካተቱበት ጥናት፣ መድኃኒቱን የወሰዱት በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 30.9 ወር ሲሆን በነባሩ ሕክምና የቆዩት 25.1 ወር ነበር፤ ፈውስ ባይባልም፣ በሽታው ለተሠራጨባቸው ሰዎች የስድስት ወር ያህል ዕድሜ ቀላል አይደለም።

ካድሳይላን ለማምረት ግን አጣጥ መቁረጥ አላስፈለገም። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1977 ሜይታንሲንን የመሰለ ውህድ የሚሠራ የባክቴሪያ ዓይነት ስላገኙ፣ የመርዙ መነሻ የሚመረተው በጋን በሚመስል የብረት ማብላያ ውስጥ ነው። የተክሉ አገር ድርሻ ይጠየቅ ቢባል ደግሞ፣ አገሮች በብዝኃ ሕይወታቸው ላይ ሉዓላዊ መብት እንዳላቸው የሚደነግገው ስምምነት በሪዮ የተፈረመው በ1992፣ ኢትዮጵያም የጄኔቲክ ሀብትን አርክቦት፣ ማለትም ሀብቱን አግኝቶ መጠቀምን፣ የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482 ያወጣችው በ2006 ስለሆነ፣ ሕጉ ሲደርስ ተክሉ ከአገር ከወጣ ብዙ ዓመት አልፎ፣ ፋብሪካውም ተክሉን መፈለግ ትቶ ነበር።