ባቄላ፦ በስሙ ዘመዳም፣ በዘሩ ብቸኛ

ቁርስ ቤት ገብቶ ፉል ያዘዘ ሰው የሚቀርብለት ባቄላ ነው። አንዱ እህል በሁለት ስም ወደ አማርኛ ገብቷል። «ፉል» በዐረብኛ የእህሉ መጠሪያ ነው፤ የዕብራይስጥ ወንድሙ «ፖል» ሲሆን፣ ነቢዩ ሕዝቅኤል ለእንጀራው እንዲቀላቅላቸው ከታዘዙት እህሎች አንዱ እርሱ ነው (4፥9)። እኛ ግን ፉል የምንለው የተሠራውን ምግብ ብቻ ነው፤ ለእህሉ የቆየ ስም ነበረንና።

ይህ የቆየ ስምም ቢሆን እንግዳ ነበር። የሥርወ ቃል አጥኚዎች «ባቄላ»ን ከዐረብኛው «ባቂላ» ያመጡታል። ከሥሩ ያሉት ሦስት ፊደላት በ፣ ቀ፣ ለ ናቸው፤ በዐረብኛ «በቅል» ማለት ለምለም አትክልት ነው። ግእዝ ይህንኑ ሥር «በቈለ» ብሎ ይዞታል፤ ከምድር ወጣ፣ አቆጠቆጠ ማለት ነው። ስለዚህ እንግዳው ቃል አማርኛ ቤት ሲገባ ዘመዶቹን በቀለን፣ ብቅልን፣ ቡቃያንና በቆልትን አገኘ። «ተበቀለ» ግን ከዚህ ቤተሰብ አይደለም። ግእዝ የቂሙን በ«ቀ»፣ የቡቃያውን በ«ቈ» ይለያቸው ነበር፤ አማርኛ ላይ ድምፁ ሲቀል ተመሳሰሉ።

ስሙ እንዲህ ዘመድ ቢያበዛም ተክሉ ብቸኛ ነው። ሽምብራ በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ከእርሱ ጋር የሚዳቀል የዱር ዘመድ አለው። የባቄላ የዱር አባት ግን በሕይወት አልተገኘም፤ በቀርሜሎስ ተራራ ከተገኙት 14,000 ዓመት ገደማ ካስቆጠሩ የከሰሉ ፍሬዎች በቀር የታወቀ ምልክት የለውም። በዕፅዋት ምደባ አብረውት ከተመደቡት ዘመዶቹ ጋር ለማዳቀል የተደረገው ሙከራም አልሰመረም። ስለዚህ በሽታ የሚቋቋም ወይም ድርቅ የሚችል ባቄላ የሚፈልግ አዳቃይ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው፦ ገበሬዎች ሲያወራርሱት ወደኖሩት ነባር ዘር።

ይህ ምን እንደሚያስገኝ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ባቄላ ውስጥ ያሉት ቪሲንና ኮንቪሲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች በዘር የሚወረስ የኢንዛይም እጥረት ያለባቸውን ሰዎች ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። የሕመሙ ስም «ፋቪዝም» የተወሰደው ከጣልያንኛው «ፋቫ» ነው፤ እርሱም ባቄላ ማለት ነው። መፍትሔው የተገኘው ምንጩ ግሪክ ከሆነ አንድ የባቄላ መስመር ነው። ንጥረ ነገሮቹን በእጅጉ የሚቀንሰው ባሕርዩ እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋ ሆነ፤ ከጀርባው ያለው ዘረ መል በ2021 ታወቀ። የባቄላ ሙሉ የዘረ መል ካርታ የታተመው በ2023 ሲሆን፣ 13 ቢሊዮን ያህል «ፊደላት» አሉት፤ የሰውን አራት እጥፍ ይሆናል።

የእኛ ደጋም የዚህ ሀብት ባለቤት ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ ዘር ሰበሰበ፤ አገሪቱንም ከዓለም የሰብል ብዝኀነት ማዕከላት መደባት። ለዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት መነሻ የሆነው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ድጋፍ ተቋቋመ። ሥራው አሁንም አስቸኳይ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ገበሬው «ቆርምድ» ያለው በሽታ የባቄላውን ቅጠል እያሳበጠና እያቆራመደ ማሳ ሲያወድም ታይቷል። መቋቋሚያው ሊገኝ የሚችለው በባቄላው በራሱ ልዩ ልዩ ዘር ውስጥ ነው።

እንግዲህ ከአባት የወረሰው የባቄላ ዘር በጎተራው ያለ ገበሬ ምርጥ ዘር ሲቀበል ነባሩን ጨርሶ አይጣል፤ ከማሳው ጥግ አንድ መደብ ይተውለት። ዘር ሰብሳቢውም ፍሬውን ብቻ ይዞ አይሂድ። ዘሩ በመንደሩ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ለቆሎ፣ ለአሹቅ ወይስ ለስልጆ እንደሚመረጥ ጠይቆ አብሮ ይመዝግብ።