ፎኔስቲም

ፎኔስቲም ማለት በአንድ ቋንቋ ውስጥ በበርካታ ቃላት ላይ ተደጋግሞ የሚገኝ፣ ከተቀራራቢ ትርጉም ጋር የተያያዘ፣ ነገር ግን ራሱን የቻለ ምዕላድ ያልሆነ የፊደላት ወይም የድምፆች ጥምረት ነው። ስያሜው «ድምፅ» እና «ግንዛቤ» የሚል ትርጉም ካላቸው የግሪክኛ ቃላት የተገኘ ነው። በብዛት የሚጠናው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በተለይ በጂ እና ኤል ፊደላት የሚጀምሩት ቃላት በየመጽሐፉ ይጠቀሳሉ። (በዚህ መጣጥፍ የእንግሊዝኛ ቃላት እንደ አነጋገራቸው ተጽፈዋል።)

በ«ግል» የሚጀምሩ ቃላት

ከእነዚህ ቃላት ብዙዎቹ ስለ ብርሃን ወይም ስለ ማየት ይናገራሉ። «ግሎው» እንደ ፍም ያለ ነበልባል መብራት ነው፤ «ግሊተር» ብልጭልጭ ማለት ነው፤ «ግሊስን» እርጥብ ነገር ብርሃን ሲያርፍበት እንደሚያደርገው ማብረቅረቅ ነው፤ «ግሎስ» ደግሞ ለስላሳ ገጽ የሚሰጠው ነጸብራቅ ነው። «ግሌር» ሁለቱንም ወገን ይዟል፤ ዓይን የሚወጋ ብርሃንም ነው፣ በቁጣ ማፍጠጥም ነው። «ግላንስ» እና «ግሊምፕስ» የሚባሉትን ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ያምታቷቸዋል። የመጀመሪያው ሰው አስቦ ዓይኑን ወርወር ሲያደርግ፣ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ነገር ሳይታሰብ ለቅጽበት በጨረፍታ ሲታይ የሚነገር ነው።

ሆኖም «ግለቭ» (የእጅ ጓንት)፣ «ግሉ» (ማጣበቂያ) እና «ግሎብ» (ሉል) ከብርሃን ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። «ግሉም» ደግሞ ጭራሽ ድንግዝግዝ ወይም ጨለማ ማለት ነው። ስለዚህ ፎኔስቲም ዝንባሌ እንጂ ሕግ አይደለም። አንድ የማይታወቅ ቃል በጂ እና ኤል ስለጀመረ ብቻ ትርጉሙን ከብርሃን ጋር ማያያዝ አንዳንዴ ይሠራል፣ ብዙ ጊዜ ግን ያሳስታል።

ከምዕላድ ያለው ልዩነት

«አንሃፒ» (ደስተኛ ያልሆነ) ከሚለው ቃል አፍራሹን ቅድመ ቅጥያ ብናነሳ «ሃፒ» (ደስተኛ) የሚል ሙሉ ቃል ይቀራል። ከ«ግሎው» ላይ «ግል»ን ብናነሳ ግን የሚቀረው ድምፅ ትርጉም የለውም። ቃሉ ለሁለት አይከፈልም ማለት ነው። እንግዲህ ፎኔስቲም ለሥነ ልሳን አስቸጋሪ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትርጉም ያለው ይመስላል፣ ነገር ግን ቃላትን ለመመሥረት በሚያገለግሉት ደንቦች ውስጥ ቦታ የለውም።

ሌሎች ምሳሌዎች

በኤስ እና ኤን የሚጀምሩ ብዙ ቃላት ከአፍንጫ ጋር የተያያዙ ናቸው፦ «ስኖር» ማንኮራፋት፣ «ስኒፍ» ማሽተት ወይም ማነፍነፍ፣ «ስኖት» ንፍጥ፣ «ስኖርት» እንደ ፈረስ ማናፋት፣ «ስኒዝ» ማስነጠስ። ከዚህ ቡድን ውጪ እንደ «ስኖው» (በረዶ) እና «ስኔክ» (እባብ) ያሉ የተለመዱ ቃላትም አሉ።

በደብልዩ እና አር የሚጀምሩት ለየት ይላሉ። «ሪስት» (የእጅ አንጓ)፣ «ሪንግ» (ጠምዝዞ መጭመቅ)፣ «ሬንች» (በኃይል መጠምዘዝ፣ እንዲሁም የመፍቻ ስም) እና «ሪንክል» (የቆዳ መጨማደድ) ሁሉም የመጠምዘዝ ወይም የመታጠፍ ሐሳብ አላቸው። የደብልዩ ድምፅ ከአነጋገር ጠፍቶ ፊደሉ ብቻ ስለቀረ፣ ዛሬ ዝምድናቸው ለጆሮ አይሰማም፣ ለዓይን ግን ይታያል። ጣት ላይ የሚጠለቀው ቀለበትም «ሪንግ» ተብሎ ይነገራል፤ ሆኖም ደብልዩ የሌለው ሌላ ቃል ነው። ጥምረቱ በቃል መጨረሻ ላይም ሊገኝ ይችላል፤ «ባምፕ» እብጠት፣ «ላምፕ» (በዩ ሲጻፍ) ጓል፣ «ሀምፕ» እንደ ግመል ሻኛ ያለ ጉብታ ነው።

አመጣጥ

አንዱ ምንጭ የጋራ ዘር ነው። «ግሎው»፣ «ግሊም» እና «ግላስ» (መስታወት) ማብራት የሚል ትርጉም ከነበረው ጥንታዊ የሕንድ-አውሮፓውያን ሥር እንደመጡ ይታመናል። ዛሬ ደስ መሰኘትን የሚያመለክተው «ግላድ» እንኳ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ብሩህ ማለትም ነበር።

ይሁን እንጂ የዘር ዝምድና ሁሉንም አያብራራም። «ግሎሪ» (ክብር) ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ የውሰት ቃል ነው። «ግላንስ» በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስለ መሣሪያ ሲነገር ነካ አድርጎ ተንሸራቶ ማለፍን ያመለክት ነበር፤ የዓይን ነገር የሆነው በኋላ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው «ስኒዝ» ነው። ይህ ቃል በጥንታዊው እንግሊዝኛ የሚጀምረው በኤስ ሳይሆን በኤፍ እና ኤን ነበር። ያ አጀማመር ከቋንቋው እየጠፋ ሲሄድ ቃሉ ወደ ኤስ እና ኤን ተለወጠ። በጽሑፍ የዘመኑ ረጅም ኤስ ከኤፍ ጋር በጣም ይመሳሰል ስለነበር ለለውጡ ሳያግዝ አልቀረም። ያም ሆነ ይህ፣ ቃሉ የአፍንጫ ዘመዶቹ ካሉበት ቡድን ተቀላቀለ።

የጥናት ታሪክ

በ1653 እ.ኤ.አ. ጆን ዋሊስ በላቲን በጻፈው የእንግሊዝኛ ሰዋስው ላይ ተመሳሳይ አጀማመርና ትርጉም ያላቸውን ቃላት በየወገናቸው ዘርዝሯል። ዋሊስ ይበልጥ የሚታወቀው በሒሳብ ሊቅነቱ ሲሆን የወሰን የለሽነትን ምልክት (∞) ያስተዋወቀውም እሱ ነው። ፎኔስቲም የሚለውን ስም በ1930 እ.ኤ.አ. ያወጣው እንግሊዛዊው የሥነ ልሳን ሊቅ ጆን ሩፐርት ፈርዝ ነው። በዚያን ጊዜ ገኖ የነበረው በ1916 የታተመው የፈርዲናንድ ደ ሶስዩር ትምህርት ሲሆን፣ በእሱ መሠረት የቃል ድምፅና ትርጉም የሚገናኙት በስምምነት እንጂ በተፈጥሮ አይደለም።

በ2004 ቤንጃሚን በርገን ጉዳዩን በሙከራ ፈተነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቃላትን ሁለት ሁለት እያደረገ በስክሪን አሳየ። ድምፅም ትርጉምም የሚጋሩ ጥንዶች (ለምሳሌ «ግሊተር» እና «ግሎው») ሲሆኑ ሁለተኛው ቃል ቶሎ ይታወቅ ነበር፤ ፍጥነቱም ድምፅ ብቻ ወይም ትርጉም ብቻ ከሚጋሩት ጥንዶች በለጠ። ስለዚህ ጥምረቱ በመዝገበ ቃላት ላይ ብቻ ሳይሆን በተናጋሪው አእምሮም ውስጥ አለ ማለት ነው። በ2008 ደግሞ ኬትያ ኦቲስ እና ኢያል ሳጊ ኮምፒዩተርን ተጠቀሙ። ቃላት በብዙ ጽሑፍ ውስጥ ከየትኞቹ ቃላት ጋር እንደሚውሉ ተቆጥሮ እያንዳንዱ ቃል ወደ ቁጥሮች ድርድር ይለወጣል፤ ከዚያም ፊደል የሚጋሩት ቃላት በዘፈቀደ ከተመረጡት ይልቅ በትርጉም ይቀራረቡ እንደሆነ ይሰላል። በዚህ ዘዴ ከተለመዱት ጥምረቶች ከፊሎቹ ሲረጋገጡ ከፊሎቹ ወድቀዋል።

በአማርኛ

በአማርኛ ፊደል መጋራት ብዙውን ጊዜ የሥር ጉዳይ ነው። ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባራ እና ስብራት የሚጋሩት ስ-ብ-ር የታወቀ ሥር እንጂ ፎኔስቲም አይደለም። በራ እና ብርሃንም እንዲሁ ከአንድ ሥር ስለሆኑ ማስረጃ አይሆኑም። ለጥያቄው የሚቀርቡት «አለ» ከሚለው ግስ ጋር የሚነገሩት እንደ ብልጭ እና ቦግ ያሉ ቃላት ናቸው።

አነፈነፈ፣ አናፋ፣ አንኮራፋ እና ንፍጥ የሚሉት ቃላትም ን እና ፍን ይጋራሉ። አፍንጫ ራሱ ከግዕዙ «አንፍ» ጋር ስለሚዛመድ ከእነዚህ አንዳንዶቹን የሥር ዝምድና ሊያብራራቸው ይችላል። ን ሲነገር አየሩ የሚወጣው በአፍንጫ መሆኑም አይዘነጋም። በ2016 ከዓለም ቋንቋዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ የተደረገ ጥናት፣ አፍንጫ የሚል ትርጉም ያላቸው ቃላት በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ የን ድምፅ እንደሚገኝባቸው አሳይቷል።