ማኅበር ያለው ጫካ፣ ማኅበር የሌለው ወንዝ፦ የአካባቢ ተቆርቋሪነት በሊሙ የቡና ምድር

በአገራችን ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በችግኝ ይጀምርና በችግኝ ያበቃል። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን መተከሉን ካሳወቀ ወዲህማ ተቆርቋሪነት በተቆፈረ ጉድጓድ ብዛት የሚለካ መስሏል። በጅማ ዞን ያሉት ሊሙ ገነትና ዙሪያዋ ለዚህ መለኪያ አይመቹም። እዚህ ዋንዛው፣ ቀረሮውና ብርብራው ቀድሞም አለ፤ መጠየቅ ያለበት ማን እንዳቆየውና ምን አገኛለሁ ብሎ እንዳቆየው ነው። የዚህ መጣጥፍ ክርክር አጭር ነው፤ ጫካው የቆየው ከቆመ ዛፍ የሚጠቀም ሰው ስላለው ነው፤ ወንዙ የቆሸሸው ደግሞ ከንጽሕናው የሚጠቀመው ሰው በድርድሩ ላይ ስለሌለ ነው።

ሊሙ እናርያ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ በነበረበት ዘመን፣ በተለይም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነገሠው በአባ ባጊቦ ጊዜ፣ አካባቢው የሩቅ ነጋዴ መናኸሪያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ምድሩ ባለቤት ቀያይሯል፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ፤ ሰፋፊ የቡና እርሻዎችም በመንግሥት እጅ ገቡ። ከዓመታት በኋላ እነዚሁ እርሻዎች ወደ ግል ኩባንያ ተላለፉ። ባለይዞታው በተቀያየረ ቁጥር ገበሬው ደኑን የሚያየው ነገ በማን እጅ እንደሚሆን እርግጠኛ ሳይሆን ነው። ነገ የእኔ ላይሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው ዛሬ ቢቆርጥ አይፈረድበትም።

ይህን ስሌት የለወጠ ሙከራ ከሊሙ ውጭ፣ ከጅማ ደቡብ ምዕራብ በበለጠ ገራ ደን ተካሂዷል። በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት (ጃይካ) ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የደን አስተዳደር ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በአካባቢው ቋንቋ «ዋልዳ ቡልቺንሳ ቦሶና»፣ ባጭሩ «ዋቡብ» ይባላሉ። ስምምነቱ ቀላል ነው፤ አባላቱ ቡናውን ይለቅማሉ፣ ማሩን ይቆርጣሉ፣ ይሸጣሉ፤ በምትኩ ደኑን አይመነጥሩም፣ ሌላ ሲመነጥርም ዝም አይሉም። እ.ኤ.አ. በ2007 የሬይንፎረስት አሊያንስ ማረጋገጫ ተጨመረና የጫካ ቡናው ከተለመደው የተሻለ ዋጋ አገኘ። ውጤቱን በሳተላይት ምስል የተከታተሉት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ታካሃሺና ቶዶ፣ ማረጋገጫ ያገኘው ደን ካላገኘው ያነሰ መመናመኑን አሳይተዋል።

ይህን ማጋነን ግን አይገባም። ቡና እንዲያፈራ ከሥሩ ይመነጠራል፤ ጥላው ሲከብድ ከላይ ይሳሳል፤ ነገ ትልቅ ዛፍ የሚሆነው ቡቃያ ከአረሙ ጋር ይታጨዳል። ከሩቅ ሲታይ ጫካ ነው፤ ሲቀርቡት ግን ሽማግሌ ዛፎች ያለ ልጅ የቆሙበት የቡና ማሳ ሆኖ ይገኛል። የሳተላይት ምስል የሚያየው አናቱን ብቻ ነው። ቢሆንም ጥላ ዛፉ ተነቅሎ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ከሚተካ ይህ ይሻላል። ከዚህ የበለጠ ለመጠየቅ ደግሞ ለገበሬው ከዚህ የበለጠ መክፈል ያስፈልጋል።

ወደ ወንዙ እንምጣ። የሊሙ ቡና በዓለም ገበያ የታወቀው ታጥቦ ነው። በለቀማ ወራት ቀይ እሸት ቡና ከየገበሬው ተሰብስቦ ማጠቢያ ጣቢያ ይደርሳል፤ መፈልፈያው ቅርፊቱን ይገፋል፤ ፍሬው ገንዳ ውስጥ አድሮ የሚያዳልጠው ሙጫ ሲለቀው በቦይ ታጥቦ አልጋ ላይ ይሰጣል። ቡናማው ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ መጀመሪያ ላይ ይበቃል፤ ለቀማው ሲጧጧፍ ሞልቶ ይፈሳል። ውሃው ስኳር የበዛበት ስለሆነ በወንዙ ውስጥ ሲበሰብስ ዓሣና ነፍሳት የሚተነፍሱትን ኦክስጅን ይጨርሳል። ይባስ ብሎ ይህ ሁሉ የሚሆነው ክረምቱ አልፎ ወንዙ በሚሳሳበት ጊዜ ነው። ከታች ያለው ሰው ከብቱን የሚያጠጣው፣ ልብሱን የሚያጥበው በዚሁ ውሃ ነው፤ ሽታውንም መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ጉዳት ደጋግመው አጥንተውታል፤ የጎደለው ማስረጃ አይደለም።

ሕግም አልጎደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300፣ ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት በበካይ ላይ እንዲያመለክት ይፈቅዳል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በወረቀት ላይ ይህ ለጋስ ድንጋጌ ነው። ሆኖም አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሲቪክ ማኅበር በአቃቂ ወንዝ ብክለት የተነሣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ቢከስም አልተሳካለትም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ደግሞ በመብት ጉዳይ ለሚሠሩ ማኅበራት የውጭ ገንዘብን በ10 በመቶ ገድቦ እስከ 2011 ዓ.ም. ቆየ። ከሳሽ ሊሆን የሚችለው አካል አቅም ያጣው የብክለት አዋጁ ገና በቅጡ ሳይፈተን ነበር።

በሊሙ ግን ከሕጉም የከበደ እንቅፋት አለ። በታችኛው ተፋሰስ የሚኖረው ገበሬ እሸት ቡናውን የሚሸጠው ላይ ላለው ማጠቢያ ጣቢያ ነው፤ ጣቢያው የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ደግሞ እሱ ራሱ አባል ነው። በገዢውና በጎረቤቱ ላይ አቤት ማለት ይከብዳል፤ በራሱ ላይ ማለትማ እንዴት ይሆናል? በብክለቱ ላይ ዝም የሚያሰኘው ግድየለሽነት ነው የሚሉ የከተማ ተቆርቋሪዎች ይህን ትስስር የዘነጉ ይመስለኛል።

መፍትሔው ከአካባቢው እውቀት አይርቅም። ውሃ ቆጣቢ መፈልፈያና ፍሳሹን የሚያጣራ የቬቲቨር ሣር ረግረግ በጅማ ዙሪያ ባሉ የኅብረት ሥራ ጣቢያዎች ተሞክረዋል። ነገር ግን ረግረጉ መሬት ይፈልጋል፤ ተንከባካቢ ይፈልጋል፤ ገዢው ደግሞ ለዚህ ብሎ በኪሎ የሚጨምረው ነገር የለም። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀው የደን ምንጠራ ደንብም ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ፣ ማሳውም እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ በኋላ ከደን የተመነጠረ አለመሆኑን ይጠይቃል። በምን ውሃ ታጠበ፣ ውሃውስ ወዴት ሄደ የሚለው የደንቡ ዋና ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ የዋቡብን አሠራር ወደ ወንዝ ማውረድ ያዋጣል እላለሁ። በአንድ ጅረት የሚጠቀሙ የታችኛው ቀበሌ ነዋሪዎች፣ ቡና ሻጭ የሆኑትም ያልሆኑትም፣ በአንድ ማኅበር ቢታቀፉና የጣቢያዎቹ ፈቃድ ለቀማው ከመጀመሩ በፊት ሲታደስ ጉድጓዱን አይተው ቢፈርሙ፣ ጣቢያው የሚደራደረው ከአንድ ፈሪ አቤት ባይ ጋር መሆኑ ይቀራል። የማጣሪያው ወጪ ግን በእሸት ቡናው ዋጋ ላይ ከተጫነ ማኅበሩ ገና በመጀመሪያው ዓመት ይፈርሳል፤ ላኪውና ኅብረት ሥራ ዩኒየኑ ከሽያጩ ላይ አስቀድመው የሚለዩት ገንዘብ መሆን አለበት።