ስሙ ከሞተ ከ45 ዓመት በኋላ የጸዳለት ባሕረኛ

 በደሴና በኮምቦልቻ፣ በየገጠሩም የምትገኙ ውድ አድማጮቻችን፤ ዛሬ የምናወጋችሁ ታሪክ የተፈጸመው በሩቅ ሀገር ነው። ልጁን ወይም እኅቱን ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ቤሩት ለሸኘ ቤተሰብ ግን ሩቅ አይደለም።

መሐሙድ ሑሴን ማታን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 በዛሬዋ ሶማሊላንድ ተወለደ። የመርከብ ሠራተኛ ሆኖ የዌልስ ወደብ ከሆነችው ካርዲፍ ደረሰ። እዚያም ላውራ የምትባል የሀገሩን ተወላጅ አግብቶ ሦስት ወንዶች ልጆች ወለደ። ጥቁርና ነጭ መጋባታቸው ብዙዎችን ስላስቆጣ ባልና ሚስቱ በአንድ መንገድ ላይ በተለያየ ቤት እስከመኖር ደርሰው ነበር።

ማርች 6 ቀን 1952 ሊሊ ቮልፐርት የምትባል ነጋዴ በሱቋ ውስጥ አንገቷ ተቆርጦ ተገኘች፤ ገንዘቧም ተወስዷል። ፖሊስ መሐሙድን ያዘ። የተዘረፈው ገንዘብ አልተገኘበትም። በጫማው ላይ ጥቃቅን የደም ነጥቦች ታዩ፤ ጫማው ግን ሌላ ሰው ያደረገው ሰልባጅ ነበር። ዋናው ማስረጃ ሃሮልድ ኮቨር የሚባል ሰው «ከሱቁ በኩል ሲወጣ አይቼዋለሁ» ማለቱ ነው። ኮቨር የሟች ቤተሰብ ካዘጋጀው የ200 ፓውንድ ወሮታ ተካፍሏል። ቀደም ሲል ለፖሊስ የገለጸው የወርቅ ጥርስ ያለውን ሶማሌ ነበር፤ መሐሙድ የወርቅ ጥርስ የለውም። ይህ ቃል ከተከሳሹ ወገን ተደበቀ።

መሐሙድ እንግሊዝኛው ደካማ ሆኖ ሳለ አስተርጓሚ አልቆመለትም። ሊከላከልለት የቆመው ጠበቃ እንኳ በችሎት ፊት በከፊል ብቻ የሠለጠነ አረመኔ አድርጎ ገለጸው! ተከላካዩ እንዲህ ካለ ከሳሹ ምን ቀረው?

ወላጆች ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። በ1963 በቪየና የተፈረመው የቆንስላ ስምምነት፣ በአንቀጽ 36፣ በባዕድ ሀገር የታሰረ ሰው የሀገሩ ቆንስላ እንዲያውቅለት የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ልጃችሁ ከመሄዷ በፊት ይህን ንገሯት። ማንበብ በማትችለው ወረቀት ላይ እንዳትፈርምም አደራ በሏት።

መሐሙድ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1952 በካርዲፍ እስር ቤት ተሰቀለ። ላውራ ልትጠይቀው ሄዳ መሞቱን ያወቀችው በበሩ ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ነው።

በ1969 ያ ምስክር፣ ኮቨር፣ የገዛ ልጁን በምላጭ ሊገድል ሞክሮ ተፈረደበት። ቤተሰቡ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ቢጠይቅም መንግሥት አልተቀበለም። በእኛም ሀገር በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝን ፈቀደ እንጂ፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ አዲስ ማስረጃ ለተገኘለት ፍርደኛ ጉዳዩ ዳግም የሚታይበትን መንገድ አልዘረጋም ነበር። ይቅርታ አለ፤ ይቅርታ ግን የጥፋተኛ ምሕረት እንጂ የንጹሕ ሰው ፍርድ አይደለም።

በእንግሊዝ የተሳሳቱ ፍርዶችን የሚመረምር ኮሚሽን በ1997 ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ወደ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የመራው የመሐሙድን መዝገብ ነው። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1998 ፍርዱ ተሻረ፤ ለቤተሰቡም 725,000 ፓውንድ ካሣ ተከፈለ። የአካባቢው ፖሊስ ይቅርታ የጠየቀው በ2022 ነው። ያን ጊዜ ላውራም ሦስቱም ልጆች በሕይወት አልነበሩም።