የሚነበብ መዝገብ፦ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርና የመንግሥት ትውስታ



ንግግሬን በሁለት ሰነዶች እጀምራለሁ። የመጀመሪያው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የተጻፈ የአስተዳደር ደብዳቤ ነው። ወረቀቱ ጠርዙ ተበልቷል፤ ማኅተሙ ደብዝዟል፤ ቀለሙም ወደ ቡናማ ተለውጧል። ይሁን እንጂ አማርኛ የሚያነብ ማንኛውም ሰው ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ሊያነበው ይችላል። ሁለተኛው በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ በአንድ የመንግሥት ድርጅት ቢሮ በኮምፒውተር የተዘጋጀ ፋይል ነው። ፍሎፒ ዲስኩ ሳይበላሽ ተገኝቷል፤ ፋይሉም ያለ ችግር ተገልብጧል። ስንከፍተው ግን በስክሪኑ ላይ የታየው የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍና ሰረዝ የተደበላለቁበት ገጽ ነበር። ከሁለቱ ሰነዶች መነበብ ያቃተው ወጣቱ ነው።

ፋይሉ የድርጅቱ ሠራተኞች ስም፣ የቅጥር ዘመንና ደመወዝ ዝርዝር መሆኑን ከዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ተረድተናል። የወረቀት ቅጂው ድርጅቱ በፈረሰ ጊዜ ጠፍቷል። በዝርዝሩ ውስጥ ከነበሩት መካከል ጥቂቶቹ ለጡረታ መብታቸው የአገልግሎት ዘመን ማስረጃ ሲፈልጉ ዓመታትን አሳልፈዋል። እኔ የአስተዳደር ታሪክ አጥኚ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ወደ ዛሬው ርእስ ያመጣኝ ይህ ፋይል ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚጽፍበት መሣሪያ የማን ነው? መሣሪያው ሲያረጅ የተጻፈው ነገርስ ከማን ጋር ይቀራል?

የዘመናዊ አስተዳደራችንን መዝገብ ታሪክ ብንከተል፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ከመሥሪያ ቤቶቹ አንዱ የጽሕፈት ሚኒስቴር ነበር። መንግሥት መጻፍን ራሱን የቻለ የሥራ ዘርፍ አድርጎ ማየቱን ከዚህ እንረዳለን። ከዚያ በኋላ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። የጽሕፈት መኪናም ወደ ቢሮዎቻችን ገባ። መኪናው የተሠራው ለላቲን ፊደል በመሆኑ ከ200 በላይ የሆነውን ፊደላችንን ሊይዝ አልቻለም። የላቲኑን መኪና ለአማርኛ በማዋል ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። የተገኘው መፍትሔ የፊደሉን አካል መትቶ ቅጥያውን ለብቻ መጨመር ነበር። የፊደሉ ቅርጽ ተጎድቷል፤ ጸሐፊዎችም ደክመዋል። ነገር ግን መኪናው የውጭ ፋብሪካ ምርት ቢሆንም፣ ከመኪናው የወጣው ወረቀት የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበር። መኪናው ቢሰበር፣ ፋብሪካው ቢዘጋ፣ ደብዳቤው ይነበባል።

ኮምፒውተር ያመጣው ትልቁ ለውጥ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ስለ ፍጥነቱ እንናገራለን፤ ለታሪክ አጥኚ ግን ከፍጥነቱ የሚበልጠው፣ መጻፊያው መሣሪያ ማንበቢያም መሆኑ ነው። ፋይሉን የጻፈው ፕሮግራም ከሌለ ፋይሉ ቢኖርም ጽሑፉ የለም። በዚህ ምክንያት የሶፍትዌር ባለቤትነት የግዢ ክፍል ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም፤ የመዝገብ ጉዳይም ሆኗል።

የእኛ ችግር ደግሞ ድርብ ነበር። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር በአንድ ፎንት ውስጥ ሊይዝ የሚችለው የምልክት ቦታ ቢበዛ 256 ነው። ፊደሎቻችን፣ ዲቃሎቻቸው፣ አኃዞቻችንና ሥርዓተ ነጥቦቻችን በአንድነት ከዚያ ይበልጣሉ። በአዲስ አበባም ሆነ በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ይህን ለመፍታት ብዙ ደክመዋል። ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፋፍለው፣ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝን ቅርጽ አስቀመጡ። ፓወር ግዕዝን፣ ቪዥዋል ግዕዝን፣ አጋፋሪን የምታስታውሱ በመካከላችን አላችሁ። እነዚህ ሥራዎች ባይኖሩ ኖሮ የዚያ ዘመን መሥሪያ ቤቶች በኮምፒውተር አማርኛ ሊጽፉ ባልቻሉ ነበር፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ሆኖም እያንዳንዱ የራሱ የቁጥር አሰጣጥ ነበረው። በአንዱ «መ» የሆነው ቁጥር በሌላው «ሰ» ሊሆን ይችላል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ከሥር ያለው የላቲን ምልክት ብቻ ይታያል። በፍሎፒው ላይ ያየነው ይህንኑ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድም ነበር። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የጂኤንዩን ፕሮጀክት ይፋ ሲያደርጉ፣ ሶፍትዌርን ማንም ሰው ለፈለገው ሥራ እንዲያውለው፣ ውስጡን እንዲመረምር፣ እንዲያሻሽልና ለሌላው እንዲያካፍል የሚፈቅድ እንቅስቃሴ ተጀመረ። ዛሬ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የምንለው ከዚህ መሠረት የበቀለ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚሁ ፕሮጀክት ሥራዎች አንዱ የሆነው ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ግዕዝን መጻፍ ጀምሮ ነበር። ግዕዝን ወደ ፕሮግራሙ ያስገቡት ናኦቶ ታካሃሺ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ ናቸው። ኢትዮጵያ ትልቅ ገበያ ትሁን አትሁን ማስላት አላስፈለጋቸውም፤ ኮዱ ክፍት ስለነበረ ገብተው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የግዕዝ ምልክቶች ለእያንዳንዳቸው በመላው ዓለም አንድ የሆነ ቁጥር ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ «መ» በየትኛውም ኮምፒውተር «መ» ነው። ስለ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የወጣው አዋጅ ቁጥር 179ም የዚያው ዓመት፣ የ1991 ዓ.ም.፣ ነው። መዝገብን ለመጠበቅ የሚያስችለው ሕግና መዝገብን ለማንበብ የሚያስችለው ደረጃ በአንድ ዓመት መጡ ማለት ነው።

መሥሪያ ቤቶቻችን ግን ወዲያውኑ አልተለወጡም። በብዛት የሚጠቀሙበት ዊንዶውስ የራሱን የግዕዝ ፎንት፣ ኒያላን፣ ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። ወረዳኔት ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ሲያገናኝ፣ በመስመሩ የሚላከው ደብዳቤ በአሮጌው ፎንት የተጻፈ ሊሆን ይችል ነበር። ኢማክስም በጸሐፊዎቻችን ጠረጴዛ ላይ አልደረሰም፤ ያስተማራቸው አልነበረምና። ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ነገር ክፍት መሆኑ ብቻውን ወደ ቢሮ እንደማያስገባው ነው።

የሌሎች አገሮች ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በፔሩ እ.ኤ.አ. በ2002 ኤድጋር ቪላኑዌቫ የተባሉ የምክር ቤት አባል የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነፃ ሶፍትዌር እንዲጠቀሙ የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ በማቅረባቸው ከማይክሮሶፍት የፔሩ ቅርንጫፍ ተቃውሞ ደረሳቸው። በሰጡት ሰፊ መልስ የረቂቁን መሠረት በሦስት መርሖዎች አስቀመጡ፦ ዜጋው የሕዝብን መረጃ ያለ እንቅፋት ማግኘቱ፣ የመረጃው ዘላቂነት፣ የመንግሥትና የዜጎች ደኅንነት። ርካሽነትን መሠረት አላደረጉትም። ሁለተኛውን መርሕ ሳነብ የእኛ ፍሎፒ ይታወሰኛል።

አተገባበሩን በተመለከተ ሁለት የአውሮፓ ምሳሌዎችን ላነጻጽር። የሙኒክ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመዞር ወሰነ፤ እስከ 2013ም ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን አዞረ። በ2017 ግን የፖለቲካው አመራር ተለውጦ ስለነበር ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። የፈረንሳይ ብሔራዊ ጀንዳርሜሪ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2005 የቢሮ ፕሮግራሞችን ብቻ ለወጠ፤ ቀጥሎ የኢንተርኔት ማሰሻውንና የኢሜይል ፕሮግራሙን ለወጠ፤ ሠራተኛው እነዚህን ከለመደ በኋላ ከ2008 ጀምሮ ኡቡንቱን ማስገባት ያዘ። ከጊዜ በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ዞረዋል። እኔ እንደማየው ልዩነቱ ያለው በሶፍትዌሩ ሳይሆን በተቋሙ ውስጥ ነው። ጀንዳርሜሪው ለውጡን ከአንድ የምርጫ ዘመን የሚረዝም የራሱ ባለሙያና የራሱ ዕቅድ ነበረው።

ወደ አገራችን ልመለስና ሁለት የቅርብ ዘመን ምሳሌዎችን ላንሣ። የመጀመሪያው የጤና መረጃ ሥርዓት ነው። ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሥሩ ከአፓርታይድ ማብቂያ በኋላ በደቡብ አፍሪካ የጤና ወረዳዎች የተጀመረው ሥራ ነው፤ ልማቱን የሚያስተባብረው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ገደማ ብሔራዊ ሥርዓቱ አድርጎታል። ከሶፍትዌሩ አማራጮች አንዱ የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር መሆኑ ለውጭ ሰው ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኛ ግን 13 ወር የማያውቅ ሥርዓት ለጤና ጣቢያ ሠራተኛ በየወሩ ስሕተት መፍጠሪያ ነው። በዝግ ሶፍትዌር ጳጉሜንን ማስገባት የሻጩ ፈቃድ ነው፤ በክፍት ሶፍትዌር የእኛው ሥራ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ፋይዳ ነው። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ በኋላ፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጣ። የፋይዳ ሥርዓት የተመሠረተው ሞሲፕ በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም በተጀመረ ክፍት ምንጭ መድረክ ላይ ነው። ፊሊፒንስና ሞሮኮም መርጠውታል። መድረኩ የተዘጋጀው አንድ አገር በአንድ ሻጭ እጅ እንዳትወድቅ ታስቦ ነው። ይሁን እንጂ ክፍትነት በደረጃ የሚለያይ መሆኑን ማስተዋል ይገባናል። የጣት አሻራንና የዓይን ብሌንን አነጻጽሮ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ የሚለየው ክፍል የሞሲፕ አካል አይደለም፤ አገሮች ከንግድ ድርጅቶች የሚያገኙት ነው። ኮዱ ክፍት መሆኑም የዜጋው መረጃ የተጠበቀ ነው ማለት አይደለም። ለዚህ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ አዋጁን የሚያስፈጽም ብቁ ተቋምም ያሻል። «ክፍት ነው» የሚለው ቃል የጥያቄያችን መጨረሻ እንዳይሆን አደራ እላለሁ። የትኛው ክፍል ነው ክፍት? ማንስ ከፍቶ ያየዋል? በአገራችን ይህን ኮድ አንብበው ስሕተቱን የሚያርሙ ስንት ሰዎች አሉ?

ሐሳቤን ላጠቃልል። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ለመንግሥት የሚሰጠው ትልቁ ነገር፣ የጻፈውን ከመቶ ዓመት በኋላ ማንበብ የሚችልበት ዕድል ነው። ዕድሉ ግን በአጠቃቀም ፈቃዱ ላይ በተጻፈው ቃል ብቻ አይፈጸምም። መሥሪያ ቤቶች መዛግብታቸውን አሠራሩ ለሁሉም በታወቀ የፋይል ዓይነት እንዲያስቀምጡ መደንገግ ያስፈልጋል። በአሮጌ ፎንቶች የተጻፉትንም፣ የሚያውቋቸው ሰዎች በሕይወት ሳሉ፣ ወደ ዩኒኮድ መመለስ ይገባል። የቤተ መዛግብት ባለሙያዎችንና የኮምፒውተር ተማሪዎችን በአንድ ክፍል ማስተማርም የዚህ ዩኒቨርሲቲ ድርሻ ነው።

ይህን የምለው ከፍሎፒው ታሪክ ተነሥቼ ነው። ዝርዝሩን ያስነበበን ድርጅት አልነበረም፤ ጡረታ የወጡ አንዲት የቢሮ ጸሐፊና አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናቸው። ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ተመለከቱና «ልጄ፣ ይቺ ምልክት እኮ ‹ኘ› ናት፤ ሁልጊዜ ታስቸግረን ነበር» አሉት። በሦስት ከሰዓት በኋላ የምልክቱን ሁሉ ትርጉም አስጻፉት። ተማሪው ከማስታወሻው ተነሥቶ አጭር የመለወጫ ፕሮግራም ጻፈ፤ ማንም እንዲጠቀምበትም ኮዱን ክፍት አደረገው። ስሞቹ አንድ በአንድ ተነበቡ። ጥቂቶቹ የስም ባለቤቶች ማስረጃቸውን ወስደዋል፤ ለሌሎቹ የወሰዱት ልጆቻቸው ናቸው። ወይዘሮዋ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ዛሬ ብንፈልጋቸው ኖሮ ያንን ፋይል ማን ያነብልን እንደነበር አላውቅም።