የመኪና ስፒከር ለምን 4 ኦም ሆነ?

የአጎቴ ልጅ ሁለት ሰብዉፈር ገዝቶ መኪናው ኋላ ላይ ገጠመ። ሁለቱም ባለ 4 ኦም ናቸው። አምፕሊፋየሩም ቢያንስ 4 ኦም ይፈልጋል። «በቃ ገጠመ!» ብሎ በትይዩ አገናኛቸው። ሦስተኛው ዘፈን ሳያልቅ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ምኑ ላይ ተሳሳተ? መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930 የፖል ጋልቪን ኩባንያ «ሞቶሮላ» የተባለውን የመኪና ሬዲዮ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ አቀረበ። ያኔ አብዛኛው የአገሩ መኪና ባለ 6 ቮልት ባትሪ ነበረው፤ ወደ 12 ቮልት የተሸጋገረው በ1950ዎቹ ነው። ቀጥሎ ትራንዚስተር መጣና ሬዲዮው ከባትሪው በቀጥታ መሥራት ቻለ። ግን የጉልበቱም ጣሪያ ያው ባትሪ ሆነ።

እስቲ እናስላ። ሞተር ሲሠራ ቮልቴጁ 14.4 ገደማ ይደርሳል። በዚህ ብቻ የሚሠራ ቴፕ ባለ 8 ኦም ስፒከር ላይ ቢበዛ 13 ዋት ያህል ንጹሕ ድምፅ ያወጣል። ባለ 4 ኦም ላይ ግን 26 ዋት! ቮልቴጁን መጨመር ካልተቻለ ኦሙን መቀነስ ነው መላው። ለቤት ስፒከር 8 ኦም፣ ለመኪና 4 ኦም የተለመደው ለዚህ ነው።

በኋላ የመጡት አምፕሊፋየሮች የባትሪውን ቮልቴጅ ውስጣቸው ያሳድጋሉ። ትራንዚስተሮቻቸው ግን የሚችሉት ከረንት ልክ አለው። የአጎቴ ልጅ የረሳውም ይህን ነው፦ ሁለት ባለ 4 ኦም በትይዩ ሲገናኙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ከረንቱም እጥፍ ይሆናል። በተከታታይ ቢያገናኛቸው 8 ኦም ይሆኑ ነበር፤ ጉልበቱ ቢቀንስም አምፕሊፋየሩ ይተርፋል። ሙሉ ጉልበት ከፈለገ ደግሞ ሁለት ባለ 8 ኦም ገዝቶ በትይዩ ማገናኘት ነበረበት።

ኦሙ ቢስማማ እንኳ ሳጥኑ ይቀራል። ድሮ የሳጥን ልክ በአብዛኛው በሙከራ ነበር የሚገኘው። እ.ኤ.አ. በ1961 አውስትራሊያዊው መሐንዲስ ኔቪል ቲል፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ያጠናው ሪቻርድ ስሞል ነገሩን ወደ ስሌት ቀየሩት። የስፒከሩን ባሕርይ የሚገልጹ ጥቂት ቁጥሮች ከታወቁ ምን ያህል ሊትር ሳጥን እንደሚስማማው ይሰላል። ሳጥኑ ከልክ በላይ ከጠበበ ባሱ ያጓራል፤ ጥልቁ ድምፅም ይጠፋል።

እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ፦ ከተገናኙ በኋላ የሚወጣውን ኦም፣ የሳጥኑን ሊትር፣ እንዲሁም ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ዋት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት ነው።